ከማደሪያ ክፍል የተነሣ ሬዲዮ

የኮሌጅ ሬዲዮ ሲነሣ ትዝ የሚለው ሸክላ የሚያጫውተው ወጣት ድምፅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አጫዋቾች ግን አስቀድመው ሽቦውን መዘርጋት ነበረባቸው። ጆርጅ ኤብራሃምና ዴቪድ ቦርስት የተባሉ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ በብራውን ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ጣቢያ የአንቴና ምሰሶ አልነበረውም። አነስተኛ ኃይል ያለው የሬዲዮ ሞገድ በማደሪያ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ተጭኖ ይጓዛል፤ ተማሪውም በክፍሉ ባለው ተራ ሬዲዮ ያዳምጠዋል። ሞገዱ ከሽቦው ብዙ ስለማይርቅ ከትልልቆቹ ጣቢያዎች ጋር አይጋጭም። አስቸጋሪው ትራንስፎርመሩ ነው፤ ለ60 ሳይክል ኃይል የተሠራ በመሆኑ የሬዲዮውን ሞገድ አያሳልፍም። ስለዚህ ለየሕንፃው ማስተላለፊያ ማቆም፣ ወይም በካፓሲተር መሻገሪያ ማበጀት ግድ ይሆናል። ለጀማሪ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለቱ ወጣቶች በ1940 የኮሌጅ ጣቢያዎችን ማኅበር አቋቋሙ። በ1948 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን 10 ዋት ብቻ ላላቸው የትምህርት ኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች በር ከፈተ፤ በዚያ ዘመን ከነበረው አንድ የክፍል አምፑል ያነሰ ኃይል መሆኑ ነው! ያው ኮሚሽን በ1978 በሩን ለአዲሶች ዘጋ። የሞገድ መስመር እንዳይባክን የተባለው ምክንያት በስሌት ረገድ ሐሰት አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ማይክሮፎን መያዝ ገና የሚማረውን ተማሪ ከቁጥር አላስገባውም። አቅም የነበራቸው ኮሌጆች ማስተላለፊያቸውን ወደ 100 ዋት አሳደጉ፤ ያልቻሉት ከሌላ ጣቢያ ጣልቃ ገብነት የሚጠብቃቸው ሕግ ሳይኖር ቀሩ።