ሳይነኩ መለካት፦ ከሸማኔው ድር እስከ ማተሚያ ቤቱ ወረቀት

በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ዱንጉዛ ሲሠሩ ቆሜ የተመለከትሁት የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። እግሮቻቸው ጉድጓድ ውስጥ ሆነው መርገጫውን ያፈራርቃሉ፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ድር ከፊታቸው ተዘርግቶ ጫፉ በገመድ ከችካል ጋር ታስሯል። በየጥቂቱ ሥራቸውን ገታ ያደርጉና ድሩን በአንድ ጣት መታ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ወይ ገመዱን ያጠብቃሉ፣ ወይ እንዳለ ይተዉታል። ምን እንደሚሰሙ ብጠይቃቸው፣ «ሲላላ ድምፁ ይወፍራል፤ ሲጠብቅ ይቀጥናል፤ ሲበዛ ደግሞ ይበጠሳል፣ ልጄ» አሉኝ።

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ የመለኪያ ዘዴ ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይኸው ጣት ነበር። በሥራ ዓለም ያየሁት ሌላ ጣትም አብሮ ትዝ ብሎኛል፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ወረቀት በታሪኩ አብዛኛው ዘመን ሉክ በሉክ በእጅ ሲሠራ ስለኖረ ስለ ውጥረቱ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1799 ኒኮላ ሉዊ ሮቤር የተባለ ፈረንሳዊ ሳያቋርጥ ወረቀት ለሚሠራ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። ማሽኑን ለሥራ ያበቃው ግን እ.ኤ.አ. በ1803 በእንግሊዝ አገር ብራያን ዶንኪን ነው። ገንዘቡን ያወጡት የፉርድሪኒየር ወንድማማቾች ስማቸው እስከ ዛሬ በማሽኑ ላይ ይጠራል፤ እነርሱ ግን ከስረዋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1863 አሜሪካዊው ዊልያም ቡሎክ ከጥቅል ወረቀት ያለማቋረጥ የሚያትም መሣሪያ አስመዘገበ። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው በራሱ መሣሪያ ውስጥ እግሩ ተይዞ ተቀጠቀጠና በዚሁ ጠንቅ ሞተ።

እንግሊዞች በማሽን ላይ የሚሮጠውን ወረቀት የሚጠሩት ከሽመና በወሰዱት ቃል ነው። ስያሜው ተስማሚ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ ይህ ሸማ ማግ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። ሲላላ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ከቦታው ይዛነፋል። ሲጠብቅ ይበጠሳል፤ አንድ ጊዜ ከተበጠሰም ማሽኑ ይቆማል፣ ወረቀቱ እንደገና በሮለሮቹ መካከል ይሰካል፣ ብዙ ኪሎ ግራም ወረቀትም ቆሻሻ ይሆናል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ፣ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣም በ1933 ዓ.ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ የአገራችን የኅትመት ሥራ እያደገ ጥቅል ወረቀት ላይ ደርሷል። ችግሩም አብሮ መጥቷል። ሶዶ የወረቀት ፋብሪካ የላትም፤ ከአዲስ አበባ የሚላክላት መጽሐፍ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሳት። እዚያ ሌሊት የተበጠሰ ወረቀት እዚህ የቦዲቲንና የአረካን ተማሪ ያስጠብቃል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በመጀመሪያ በተቀጠርሁበት ማተሚያ ቤት የውጥረት መለኪያው ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ ነባር ሠራተኞች እየሮጠ ያለውን ወረቀት በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ እያደረጉ ፍሬኑን ያስተካክሉ ነበር፤ በእውነትም ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም። በአንድ የሌሊት ፈረቃ የአንዱ ባልደረባችን እጅ ወረቀቱ ሮለሩን በሚነካበት ቦታ ተሳበና ሁለት ጣቶቹን አጣ። መለዋወጫ እንዲገዛ የሚጠይቀውን ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ጽፌ ያልተከታተልሁትም እኔው ነኝ።

የተለመደው መለኪያ ወረቀቱ የሚጠመዘዝበትን ሮለር በሁለት ጫፎቹ በሎድ ሴል ላይ ማስቀመጥ ነው። ዘዴው አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም የሚሰጠው የጠቅላላውን ስፋት ድምር ስለሆነ አንዱ ጠርዝ ላልቶ ሌላው ሲጠብቅ ላያሳውቅ ይችላል። ገና ያልደረቀ ቅብ ያለበትን ወረቀት ደግሞ ሮለር ሊነካው አይገባም። ሳይነኩ መለካት ያስፈለገው ከዚህ የተነሣ ነው።

መሠረቱ ከወረቀት ማሽን ይቀድማል። ማረን መርሰን የተባለ ፈረንሳዊ መነኩሴ ንዝረቱ በዓይን ሊቆጠር እስኪችል ድረስ እጅግ ረጅም ገመድ እየወጠረ ሞከረ፤ እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍም የንዝረቱ ብዛት ከውጥረቱ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚጨምር አስታወቀ። የሒሳብ ማስረጃውን እ.ኤ.አ. በ1713 እንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር አቀረበ። የእኛ ክራር ደርዳሪዎችና የሶዶው ሸማኔ በጆሯቸው የሚሠሩበት ሕግ ይኸው ነው። ጣታቸው ድሩን ይነካል፤ ነገር ግን የሚለካው ጣቱ አይደለም፣ የሚቀሰቅስ ብቻ ነው።

በማሽን ላይ ጣቱን ድምፅ ማጉያ፣ ጆሮውን ደግሞ ሌዘር ይተካሉ። ድምፁ ወረቀቱን ያርገበግበዋል፤ በተለያየ ርቀት ላይ የተተከሉ ሁለት የሌዘር ሴንሰሮች ሞገዱ በመካከላቸው የፈጀውን ጊዜ ይመዘግባሉ። ሞገዱ ከወረቀቱ ጉዞ ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፣ በተቃራኒው ሲሄድ ይዘገያል፤ የሁለቱ አማካይ ትክክለኛውን የሞገድ ፍጥነት ይሰጣል። በካሬ ሜትር 45 ግራም የሚመዝን የጋዜጣ ወረቀት በሜትር ስፋት 300 ኒውተን ቢወጠር፣ በስሌት ሞገዱ በሰከንድ 82 ሜትር ያህል መጓዝ አለበት።

በተግባር ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ይገኛል፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ሲርገበገብ በሁለቱ ፊቶቹ ያለውን አየር አብሮ ይሸከማል። በባሕር ጠለል ላይ 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው አየር በካሬ ሜትር ወደ 48 ግራም ይመዝናል፤ ይህም ከወረቀቱ ከራሱ ይበልጣል! እኛን በተለይ የሚመለከተን ነጥብም እዚህ ላይ ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ግማሹ ሸክም አየር ነው ብንል፣ አውሮፓ ውስጥ ቆላ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ በእኛ ደጋ ውጥረቱን ከአሥር በመቶ ባላነሰ አብልጦ ያነባል። ሠራተኛውም የጠበቀ መስሎት ያላላዋል። ካታሎግ አምኖ መሣሪያ የሚገዛ ባልደረባዬ ይህን እንዲያስብበት እለምነዋለሁ።

ሁለተኛው ዘዴ ለእኛ አቅም የሚቀርብ ይመስለኛል። ወረቀቱ በሮለር ፈንታ ቀዳዳ ባለው ጥምዝ ብረት ላይ ያልፋል፤ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው አየር ያንሳፍፈዋል። ከሥሩ ያለው ግፊት ውጥረቱ ለጥምዙ ሬዲየስ ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ውጥረቱ 300 ኒውተን በሜትር፣ ሬዲየሱ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ግፊቱ 1,500 ፓስካል ይሆናል፤ ይኸውም 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ነው። የወረቀቱ ሩጫ የሚያመጣው ስሕተትም አነስተኛ ነው፤ በሰከንድ 10 ሜትር ሲሮጥ ከ300 ኒውተኑ የሚቀነሰው 4.5 ብቻ ነው። በስፋቱ ላይ ብዙ ቀዳዳዎች ለየብቻ ከተነበቡ የላላው ጠርዝ ይታወቃል፤ የአየሩ ቅለትም ንባቡን አያዛባውም።

ባለፈው ክረምት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ይህንኑ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሞክረነዋል። የብረት ቧንቧ ቀደድን፣ ከጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አየር ሰጠነው፤ እንደ ዩ ፊደል ያጎበጥነውን ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተን አሰርንበት። ወረቀቱን በክብደት ስንወጥረው በመካከለኛው ቀዳዳ ላይ ውኃው ከስሌቱ ጋር ተስማማ። በጠርዞቹ ግን አየሩ በጎን እያመለጠ ንባቡ ይወርዳል፤ አሁን የምንሠራው በእርሱ ላይ ነው።