የሐይቅ እስጢፋኖስ ደንና ውኃ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን የምናገኛት የሐይቅ ከተማ ስሟን የወሰደችው በአጠገቧ ከተንጣለለው ሐይቅ ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች በዳርቻው ዓሣ ተመግበው፣ ነፋሻ አየር ተቀብለው ይመለሳሉ። ወደ ውኃው ዘልቆ የሚታየው በዛፍ የተሸፈነ ምድር ግን ከመዝናኛነት እጅግ የሚበልጥ ታሪክ አለው።

በዚህ ስፍራ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ያደራጁት በደብረ ዳሞ የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ እንደነበሩ የገዳማውያኑ ታሪክ ይናገራል። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ ገዳሙ ሀብቱን ቢያጣም ጨርሶ አልጠፋም።

ቀድሞ ደሴት የነበረው ይህ ስፍራ የውኃው መጠን እየቀነሰ በመሄዱ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። ዛፉ ግን አልተመነጠረም። ያቆየውም የደን ሕግ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ሳይሆን በቅዱስ ስፍራ ምሣር አይነሣም የሚለው የምእመናን ሥርዓት ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተረፈው ነባር ደን ብዙው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ዙሪያ መገኘቱ የዚሁ ውጤት ነው። በወሎ በሼኾች መቃብርና በዚያራ ቦታዎች ያሉ ዛፎችም በተመሳሳይ አክብሮት ተጠብቀው ኖረዋል።

ውኃው እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጥናት ያካሄዱ ጣሊያናውያን የሐይቁን ውኃ እጅግ የጠራ ሆኖ አግኝተውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጥራቱ በእጅጉ ቀንሶ አረንጓዴ ዋቅላሚ በዝቶበታል። ተመራማሪዎች ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሐይቁ የገባው የቆሮሶ ዓሣ ነው፤ ዋቅላሚውን የሚመገቡ ደቂቅ እንስሳትን ዓሣው ስለሚበላ ሚዛኑ ተዛብቷል ይላሉ። ከአካባቢው እርሻ ታጥቦ የሚገባው አፈርም ሌላው ሥጋት ነው። በአንጻሩ ያው ዓሣ ለነዋሪው ገቢና ገንቢ ምግብ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን ጎጂ ወይም ጠቃሚ ብሎ በአንድ ቃል መቋጨት አይቻልም።

ሐይቁ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ደለልና ቆሻሻ እንደ ወራጅ ውኃ ታጥቦ አይሄድም፤ ኩላሊቱ እንደደከመ ሕመምተኛ ሁሉ በውስጡ ይከማቻል። በዚህ ምክንያት በዳርቻው የሚቆፈር መጸዳጃ፣ የሚሠራ ማረፊያ ቤትና የሚታረስ ተዳፋት ሁሉ የጤና ባለሙያውን ይመለከታል።

ሐኪም ሕመምተኛውን ከመመርመሩ በፊት የሕመሙን ታሪክ ይጠይቃል። በአካባቢ ጤና የተሰማራ ባለሙያም የስፍራውን ታሪክ መጠየቅ ይገባዋል። የሐይቅ ሕዝብ ዛፉን ለዘመናት ያስከበረ ሥርዓት ባለቤት ነው። ስለ ውኃው ስናስተምር ከባዕድ አገር መመሪያ ከመነሣት ይልቅ ከዚሁ ሥርዓት ብንነሣ፣ የገዳሙን አባቶችና የአካባቢውን ሼኾች ከጎናችን ብናሰልፍ፣ ትምህርታችን ሰሚ ጆሮ እንደሚያገኝ እናምናለን።