የእናቴ ደብተሮችና የሐዋሳ የቤት ኪራይ

እናቴ የኪራይ ሒሳብ የምትይዘው በባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። በየወሩ ሦስት መስመር ትጽፋለች፤ ግቢዋ ውስጥ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉና። የተከራይ ስም ግን የለም። «ፓርክ 4»፣ «ተማሪ 2»፣ «መምህሩ» እያለ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት የማኅበራችንን የብድር ሒሳብ ስዘጋ፣ ለሰርቪስ ቤት መሥሪያ ተበድረው መክፈል ያቃታቸው እህቶች መብዛት አሳሰበኝ። እናቴም አንዷ ናት። ደብተሮቿን ተዋስኳትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን የከተማችን የኪራይ ታሪክ ግማሹ በአዋጅ፣ ግማሹ በእንዲህ ዓይነት ደብተር ውስጥ እንዳለ ተረዳሁ።

ሐዋሳ ልጅ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በማኅበራችን ውስጥ ከከተማዋ በዕድሜ የሚበልጡ እናቶች አሉ። ገና አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት ወይም እንደሞላት ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ትርፍ የተባለው ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖሩ ሰዎች ኪራያቸው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰላቸው። አያቴ ይህን ቀን እያመሰገነች ነው የሞተችው። የቀበሌ ቤቷን በጥቂት ብር ዕድሜዋን ሙሉ ኖራበታለች፤ እናቴንም አሳድጋበታለች፤ እኔም እዚያው ተወለድኩ። ጣሪያው ሲያፈስ ግን ቀበሌው አይጠግንም፤ እኛ እንጠግን ስንል ደግሞ ፈቃድ አምጡ ይባላል። በክረምት ሳፋና ባልዲ ደርድረን ነበር የምንተኛው።

አዋጁ ያልመለሰው አንድ ነገር ነበር። በከተማዋ የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከየቦታው ተመድቦ የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ በየዓመቱ ጨመረ። እነዚህ ሰዎች የት ይደሩ? መልሱ «ደባል» ነበር። ደባል በሕግ ፊት እንግዳ ነው፣ በቤት ውስጥ ግን ተከራይ። አያቴም ጓዳውን በመጋረጃ ከፍላ ሁለት ሴት የቢሮ ሠራተኞችን አስገብታ ነበር። የሚሰጧት ገንዘብ «ለመብራት» ይባል ነበር እንጂ ኪራይ አይባልም። ደረሰኝ አይጻፍም፣ ስም አይያዝም፤ ጠያቂ ከመጣ «የእህቴ ልጆች ናቸው» ይባላል። ዛሬ አከራዮቻችን ወረቀት ሲባል የሚደነግጡበት ነገር ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። እናቴ ደብተሯ ላይ ስም የማትጽፈው ሰው ንቃ አይደለም፤ ከእናቷ የወረሰችው ጥንቃቄ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ሆነች። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወደ 69 ሺህ የነበረው የከተማው ነዋሪ በ1999ኙ ቆጠራ ከ150 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። በመሀሉ በ1992 ዓ.ም. የዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በደቡብ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመሠረተ። እናትና አባቴ ከቀበሌ ቤት ወጥተው በማኅበር ባገኙት ቦታ ላይ የጭቃ ቤት የሠሩት በእነዚህ ዓመታት ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስ ክፍል ወጥ ቤት ነበር፤ ጭሱ ሳይለቅቀው ተከራየ። ደብተሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው። በ2006 ዓ.ም. አንዱ ክፍል 300 ብር ይላል፤ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታትም የሚጨምረው በአሥርና በሃያ ብር ነበር።

ከዚያ ፓርኩ መጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እስከ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ የታቀደ ሲሆን በ2011 ዓ.ም. ወደ 25 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ፣ ብዙዎቹ ከቤተሰብ ሲለዩ የመጀመሪያቸው። የሼዱ ግንባታ በወራት ውስጥ ነበር ያለቀው። ለልጆቹ መኝታ ግን ሼድ የሚያህል ነገር አብሮ አልተሠራም። ማደሪያውን የሠሩት የእኛ እናቶች ናቸው፤ በብሎኬት፣ በጭቃ፣ በቆርቆሮ፣ በዕቁብና በዚህ ማኅበር ብድር።

የእናቴ ደብተር በ2009 ዓ.ም. 700 ብር፣ በ2010 ዓ.ም. 900 ብር ይላል። በዚያው ጊዜ የፓርኩ ጀማሪ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል፣ በብር 750 ገደማ ነበር። በሀገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንዲት ልጅ ብቻዋን ብትከራይ ደመወዟ ለኪራዩ አይበቃም። አራት ሆነው ሲገቡ ለእያንዳንዳቸው 225 ብር ይደርሳቸዋል፤ ከደመወዛቸው ሦስት አሥረኛው ማለት ነው። በዚህ ላይ ውኃና መብራት በነፍስ ወከፍ ይታሰባል። ምጣድ መጣድ ክልክል ነው፣ ቆጣሪው ይበላልና። የቀን ፈረቃ የሠራችው ስትገባ የማታዋ ትወጣለች፤ ሁለት ፍራሽ ለአራት ሰው የበቃው በዚህ ነበር።

እናቴን ከዚህ ታሪክ ማውጣት አልችልም። በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ለመሥራት ከማኅበራችን ስትበደር የማመልከቻዋን ስሌት የሠራሁላት እኔ ነኝ። ክፍሉን በ900 አሰብኩት፣ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ወር ተከራይቶ፣ በየዓመቱም ይጨምራል ብዬ። አንድም ባዶ ወር አላስገባሁም። ከ700 ወደ 900 የተጨመረውም በሳምንት ማስጠንቀቂያ፣ በዓመቱ መሀል ነው። ደላላው «ሌላው 1,000 አስገብቷል» ብሏት ነበር።

ከዚያ «ፓርክ 4» ከሚለው መስመር ውስጥ የነበረች አንዲት ልጅ ከጊዜ በኋላ የማኅበራችን አባል ሆነች። ስሟን አልጽፍም፤ እሷም ፈቅዳ እንዳነሳው ነግራኛለች። በአንድ የወሩ ስብሰባ ላይ ስለ ሰርቪስ ቤት ብድር ስንወያይ እጇን አወጣችና ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ ያኔ 200 ብር ሲጨምሩብን እኔ ለእናቴ የምልከውን ነው ያቋረጥኩት» አለች። አዳራሹ ፀጥ አለ። እናቴ ትንሽ ቆይታ፣ «ልጄ፣ እኔም የዚህን ማኅበር ዕዳ ነበር የምከፍልበት» አለቻት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ብሩ ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ አልፎ ወደ እኔ ካዝና ነበር የሚገባው፤ ወለዱንም መዝግቤ ለዓመታዊ ሪፖርት በደስታ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ለጋሾቻችንም ያንን ሪፖርት አንብበው አመስግነውን ነበር።

ማዕበሉ የተመለሰው ባላሰብነው ፍጥነት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ደብተሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ መስመር ታየ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ካሉት ትልልቅ አምራቾች አንዱ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ከአጎአ ታገደች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀድሞው ደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል የክልል ቢሮ ሠራተኞች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ካርቶን በየበሩ ተሰቀለ። በእናቴ ደብተር በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ባዶ መስመሮች ቆጥሬአለሁ። የብድሩ ክፍያ ግን ባዶ ወር አያውቅም።

አሁን ኪራዩ በቁጥር እንደገና ወጥቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። እናቴ ግን በጤፍ ነው የምትለካው። በ2010 ዓ.ም. የሦስቱ ክፍሎች የወር ኪራይ ተደምሮ አንድ ኩንታል ጤፍ ይገዛላት ነበር። ዛሬ ሦስቱ 6,000 ብር ያስገባሉ፤ ግማሽ ኩንታል እንኳ አይሞላም። አከራይ ናጠጠ የሚለው ወሬ ቢያንስ እኛ ግቢ አልደረሰም።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ወጣ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። በእኛ ስብሰባ አዋጁ ሲነሳ ግን ጥያቄው ሁሉ ስለ ተከራይ መብት አልነበረም፤ ስለ ግብር ነበር። «ወረቀት ከያዝን ግብሩ ይበላናል።»

እዚህ ላይ ነው የሙያዬን መናገር ያለብኝ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ስሌት የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ይቀነስለታል፤ ከቀሪው ላይም የመጀመሪያው 7,200 ብር ግብር አልነበረበትም። ሦስት ክፍል በ800 ብር ያከራየች እናት በዓመት 28,800 ታገኛለች። ግማሹ ሲቀነስ 14,400። ከዚያ 7,200 ሲወጣ የቀረው 7,200 በ10 በመቶ ይታሰባል፤ 720 ብር በዓመት። አንዲት እናት ይህን ስነግራት ለደላላ በአንድ ጊዜ የከፈለችው እንደሚበልጥ አስታወሰች። መጠኖቹ ከዚያ ወዲህ ስለተሻሻሉ የዛሬውን ስሌት ለማወቅ ቢሮ ብቅ በሉ፣ አብረን እንሠራዋለን። የምትፈሩትን ነገር መጠኑን ሳታውቁ አትፍሩት ለማለት ነው እንጂ።

ለብድር ኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ አንድ ነው፦ ለሰርቪስ ቤት ብድር ስናሰላ በዓመት ዘጠኝ ወር ብቻ እንቁጠር፣ ኪራዩንም ደላላው በሚጠራው ሳይሆን ባለፉት ሦስት ዓመታት በእርግጥ በተከፈለው እንያዝ። በዚህ ስሌት የእናቴ የ2010 ማመልከቻ ይወድቅ ነበር። ውይይቱ አላለቀም፤ አንዳንድ እህቶች «ሴት ልጅ ንብረት እንዳታፈራ ነው ወይ?» ብለው ተቆጥተውኛል፤ መቆጣታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

የኪራይ ውል ቅጹን በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ ቢሮ አስቀምጫለሁ። እናቴ ሦስት ቅጂ ወስዳለች። ሁለቱ ተፈርመዋል፤ በአዲሱ ደብተሯም ላይ አሁን የሰው ስም አለ። ሦስተኛው ገና ነው። መምህሩ ዝውውር ጠይቋል፣ ሁለት ዓመት በዝቶብኛል ይላል።