የሃርድዊክ እመቤትና መስኮቶቻቸው

የእንግሊዝ መኳንንት ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ወፍራም ግንብና ጠባብ መስኮት ያለው ምሽግ ነው። በደርቢሻየር አውራጃ ኮረብታ ላይ የቆመው ሃርድዊክ ሆል ግን ከሩቅ ሲያዩት የመስታወት ክምር ይመስላል። ያሠሩት የሽሩዝበሪዋ ኮንቴስ ኤልሳቤጥ፣ በቅጽል ስማቸው ቤስ፣ አራት ጊዜ አግብተው አራቱንም ባሎች ቀብረዋል። ከአራተኛው ጋር በንብረት ተጣልተው ተለያይተው ይኖሩ ነበር። እሳቸው በ1590 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሲሞቱ፣ የቤቱም ሥራ በዚያው ዓመት ተጀመረ። ቤስ በ1597 የገቡበት ሰባ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነው።

ንድፉ የግንበኛው የሮበርት ስሚትሰን እንደሆነ ይታመናል። መስታወት ያኔ ውድ ስለነበር፣ መስኮት ማብዛት ሀብትን አደባባይ ማውጣት ነበር። ታዲያ የውጩን ግድግዳ መስኮት ከያዘው የምድጃው ጭስ በየት ይውጣ? የጭስ ማውጫውን በውስጠኛው ግድግዳ አሳለፉት። ያም ሆኖ አንዳንዱ መስኮት የይምሰል ነው፤ ከጀርባው ክፍል የለውም።

የመስኮቶቹ ቁመት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይጨምራል። ከታች የአገልጋዮች ሥራ ቤት፣ መካከሉ ላይ የእመቤቲቱ መኖሪያ፣ ከሁሉም በላይ የክብር እንግዳ መቀበያ ነው። ስለዚህ የማን ወለል የት እንደሆነ ውጭ ቆሞ ማወቅ ይቻላል። በስድስቱ ማማዎች አናት ላይ ደግሞ የእመቤቲቱ የስም መነሻ ፊደላት ከነዘውዳቸው በድንጋይ ተቀርጸዋል። ትሕትና አይታማባቸውም!

ላይኛው ወለል ላይ ባለው ረጅም አዳራሽ የጌዴዎንን ታሪክ የሚያሳዩ 13 የሱፍ ሽምን መጋረጃዎች ተሰቅለዋል። ቤስ በ1592 የገዟቸው ከሟቹ ባለሥልጣን ከክሪስቶፈር ሃተን ወራሽ ነው። የሃተን አርማ ስላለባቸው መቀየሪያ ብለው ከዋጋው አስቀነሱ፤ ከዚያ በቀለም የተሳለ የራሳቸውን አርማ ቁራጭ ጨርቅ ላዩ ላይ አስለጠፉበት።

ያ ሁሉ የክብር ወለል ግን ንግሥት ኤልሳቤጥን አላስተናገደም፤ አንድም ቀን አልመጡም። ዙፋን የመውረስ ተስፋ የነበራት የቤስ የልጅ ልጅ አርቤላ ስቱዋርት ግን በዚያ ሁሉ ብርሃን ውስጥ እንደ እስረኛ ትጠበቅ ነበር። በ1603 የምስጢር ጋብቻ ዕቅዷ ሲታወቅ አያቷ ከኑዛዜያቸው ሰረዟት።

ቤስ በ1608 አረፉ። ዘሮቻቸው ቻትስወርዝ የሚባለውን ሌላ ቤታቸውን መርጠው እሱን በየዘመኑ ፋሽን ሲያፈርሱና ሲሠሩ፣ ሃርድዊክን ብዙም ሳይነኩት ተዉት። በ1959 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ሲተላለፍ ከነመስኮቶቹ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።