አሮጌ አውሮፕላኖችን በእጅ ማስነሳት

ሞተሪኖ የሌላቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች ፕሮፔለሩን ከውጭ በእጅ አዙሮ የማስነሳት ዘዴ ነው። በአቪዬሽን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ተራ አሠራር ነበር። ዛሬ በብዛት የሚታየው እንደ ፓይፐር ጄ-3 ከብ፣ ኤሮንካ ቻምፒዮንና ታይገር ሞዝ ባሉ አሮጌ አውሮፕላኖች ላይ ነው።

የአደጋው ምንጭ

የእነዚህ ሞተሮች ካንዴላ ብልጭታ የሚያገኘው ከባትሪ ሳይሆን ከማግኔቶ ነው። ማግኔቶ ከሞተሩ ጋር በዞረ ቁጥር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ማጥፊያው ይህን ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ አካል ከማፍሰስ ሌላ ሥራ የለውም። በመካከል ያለችው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች ወይም ከላላች፣ ማጥፊያው «ጠፍቷል» እያለ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። በጋለ ሞተር ውስጥ ደግሞ የፋመ ካርቦን ብቻውን ነዳጁን ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ ቆሞ የሚታይ ፕሮፔለር ሁሉ አሁን ሊዞር እንደሚችል ተደርጎ መታየት አለበት። በደቂቃ 600 ጊዜ በዝግታ የሚዞር ባለ ሁለት ብሌድ ፕሮፔለር እንኳ በአንድ ቦታ ላይ በሰከንድ 20 ጊዜ ያልፋል።

አሠራሩ

ሥራው የሁለት ሰው ነው። መቆጣጠሪያውን የሚያውቅ አብራሪ ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ይይዛል፤ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግባቸዋል፤ ጅራቱም ቢታሰር ይመረጣል። ውጭ ያለው ሰው የሚጠይቀውን ሁሉ አብራሪው መጀመሪያ ፈጽሞ፣ ከዚያ ጮክ ብሎ ይመልሳል። ውጭ ያለው ሰው የሚቆምበት መሬት ደረቅና ጠጠር የሌለበት መሆን ይገባዋል፤ ሻርፕና የተንዘላዘለ ልብስ አይለበስም። ጣቶች በብሌዱ ጠርዝ ላይ አይጠመዘዙም፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ እጅን ይዞ ይጎትታልና። መዳፍ ተዘርግቶ ብሌዱ ወደ ታች ይገፋል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ሰውነት ወደ ኋላ ይሸሻል።

በተለይ ጥንቃቄ የሚሻው ሞተሩ ነዳጅ የበዛበት ጊዜ ነው። ትርፉን ለማስወጣት ማግኔቶው ይጠፋል፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይከፈታል፣ ፕሮፔለሩም ወደ ኋላ ይዞራል። ከዚያ መስጫውን መመለስ ከተረሳ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ይነሳል፤ አብራሪ ያልተቀመጠበት አውሮፕላን ታኮውን ዘልሎ ብቻውን ሊሮጥ ይችላል።

የሃክስ ማስነሻ

ሰውን ከፕሮፔለሩ ለማራቅ ከተደረጉ ሙከራዎች የታወቀው ይህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ብሪታንያ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በ1913 አውሮፕላን በአየር ላይ ክብ በመገልበጥ ከብሪታንያውያን ቀዳሚ ከሆነው አብራሪ ከቤንትፊልድ ሃክስ ነው። ፈጠራው በአብዛኛው ለእሱ ቢሰጥም፣ መሣሪያው የወጣው እሱ ከሚሠራበት ከኤርኮ ኩባንያ በመሆኑ የብዙ እጆች ሥራ ነው ማለት ለእውነት የሚቀርብ ይመስላል። በፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ላይ የተገጠመ ረጅም ዘንግ በመኪናው ሞተር እየዞረ፣ በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ካለ ጥርስ ጋር ይያያዛል። የአውሮፕላኑ ሞተር ተነስቶ ሲቀድመው ዘንጉ በራሱ ይላቀቃል። ሃክስ ራሱ በ1918 በሳንባ ምች ሞተ። መሣሪያው ግን በኋላ በሶቪየት ኅብረትና በጃፓንም አገልግሏል፤ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የሸትልወርዝ ስብስብ አንዱ ተጠብቆ ይገኛል።

ማሳሰቢያ

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የበረራ መመሪያ መጽሐፍ አውሮፕላን በእጅ ማስነሳት ለብቻ እንዳይሞከር፣ መቆጣጠሪያውን የማያውቅ ሰውም በአብራሪው መቀመጫ እንዳይቀመጥ ያሳስባል።