ግማሿ ከየት መጣች?

ስለ ፍቺ ሲወራ አንዱ ከመሃል ብድግ ብሎ «ሕጉ እኮ ግማሽ ለግማሽ ነው» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ግን ይቺ ግማሽ ከፈረንጅ የመጣች የሚመስላቸው አሉ። እስቲ ወደኋላ እንመለስ።

በአማራ ገጠር በሰማንያ ሲጋቡ የሁለቱም ወገን ከብት ይመዛዘናል። ሲፋቱም አብረው ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ። ከጎኑ ደግሞ የደሞዝ ጋብቻ ነበር። በደሞዝ የገባች ሴት ስንት ዓመት ጎንበስ ቀና ብላ ብታገለግል፣ ሲለያዩ የምትጠይቀው ደሞዟን እንጂ የቤቱን ግማሽ አልነበረም። ስለዚህ ግማሿ ከድሮም ነበረች፤ ለሁሉም ግን አልነበረችም።

ከዚያ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። የጋራ ሀብትን አወቀ፤ ባልን ግን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ የሀብቱን አስተዳደር ለእሱ ሰጠ። ፍቺውን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ዳኞች ደግሞ «ጥፋተኛው ማነው?» ብለው ለሌላው ወገን አብልጠው መስጠት ይችሉ ነበር። የሀብቱን ቁልፍ ይዛ ለማታውቅ ሴት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተጋቢዎች በጋብቻም በፍቺም ጊዜ እኩል መብት አላቸው አለ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሕጉ እንዲለወጥ ወተወተ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። አስተዳደሩ የሁለቱም ሆነ፤ በአንዱ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ነው ተባለ። ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ግን የግል ነው። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት የኖሩም ያፈሩትን ይካፈላሉ። የደሞዟ ሴት ብትኖር ኖሮ ይቺን አንቀጽ ትስማት ነበር።

ይሄ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፤ በርካታ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል።

አንድ ነገር ግን ዛሬም አልተለወጠም። መጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል፤ የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። ተሽጦ ያለቀ፣ በዘመድ ስም የተደበቀ፣ ማስረጃ የሌለው ሀብት ግማሹ ባዶ ነው። እናም በፍቅሩ ሰሞን የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተሩ የት እንዳለ ሁለታችንም እንወቅ። ይሄ አለመተማመን አይደለም፤ የቁልፉ ግማሽ ነው።