ያገለገለ ፎር ዊል ገዝታችሁ ከአስፋልት ልትወጡ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ያገለገለ ፎር ዊል ገዝተናል፣ ለገጠር መንገድ ምን እናስገጥምለት?» መልሳችን አጭር ነው፤ ከማስገጠም በፊት ማስጠገን ይቀድማል። ለምን እንደሆነ የሮብ ገበያን መንገድ ይዘን እናሳያችሁ።

በቢቸናና በሞጣ በኩል ያለው የምሥራቅ ጎጃም አገር መኪና ይፈትናል። ብዙው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፋል። ወደ ጮቄ ከወጣችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለ። ወደ ዓባይ ከወረዳችሁ ደግሞ ቁልቁለቱ ፍሬን ይጨርሳል። ዲማ ጊዮርጊስን፣ መርጡለ ማርያምን ወይም ከሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይን ልይ ያለ ሰው ከነዚህ አንዱን ማግኘቱ አይቀርም።

መኪናው ደግሞ ርካሽ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የሚገዛው አገር ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር ወይም ቪታራ ነው። የተደበቀ ችግር ካለበት ወጪው የእናንተ ነው።

1. ከመግዛታችሁ በፊት

• የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።
• መኪናው ሥር ገብታችሁ ሻንሲውን እዩ። አዲስ ብየዳ ወይም ሥሩ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካለ ጠይቁ።
• ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ አስነሱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ይናገራል። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።
• ፎር ዊሉን ለስላሳ መሬት ላይ አስገብታችሁ ሞክሩት። ለዓመታት ያልተነካ ፎር ዊል አልገባም የሚለው ጭቃ ውስጥ ስትሆኑ ነው።

2. ገንዘባችሁን በዚህ ቅደም ተከተል አውጡ

መጀመሪያ ፍሬን፣ መሪና ኩሽኔታ። ቀጥሎ የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፍረንሳሌ ዘይት፣ ራዲያተርና ቀበቶዎች። ከዚያ ጎማ። ከዚያ ባሌስትራና ሾክ። መብራት፣ ቸርኬና መኪናውን ከፍ ማድረግ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ለቀላል ጉዞ ከፍ ማድረግ ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፤ እንዲያውም መኪናው በጎን ገደላማ መንገድ ላይ ቶሎ እንዲገለበጥ ያደርገዋል። ፖርቶመጋላ ላይ ከባድ ዕቃ መጫንም እንዲሁ ነው። ከባዱን ዕቃ ውስጥ፣ ወለል ላይ አስቀምጡ።

3. ጎማና ንፋስ

ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 ዓመት፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ለአስፋልት ፍጥነትም አይታመንም። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ኤቲ የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለጥርጊያም የሚሆነው ጎማ ይበቃል።

አስፋልት ላይ ፋብሪካው በበሩ ማዕዘን የጻፈውን ንፋስ ተጠቀሙ። ድንጋያማ ጥርጊያ ላይ ወደ 25 ፒኤስአይ፣ ጭቃ ላይ ወደ 20 ዝቅ ማድረግ ጎማው ሰፋ ብሎ እንዲይዝ ይረዳል። ግን ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊትም መልሳችሁ ሙሉ። ስለዚህ ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያና የንፋስ መለኪያ ያዙ። ጎሚስታ ሁሉም ቦታ የለም።

4. ፎር ዊሉን መቼ?

2ኤች ለአስፋልት፣ 4ኤች ለሚያንሸራትት ጥርጊያ፣ 4ኤል ለከባድ ዳገት፣ ቁልቁለትና ጭቃ ነው። እንደ ድሮዎቹ ፒካፖች እያስገባችሁ የምታወጡት ዓይነት ከሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ 4ኤች አትንዱ፤ የፊትና የኋላው እየተጣሉ ካምቢዮውን ይጎዱታል። የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ዊል ካለው ወርዳችሁ መቆለፍ አትርሱ። ጭቃው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አስገቡ፤ ከተያዛችሁ በኋላ አይደለም።

ቁልቁለት ላይ ከባድ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ እንዲይዛችሁ አድርጉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ያን ሁሉ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይለዋል።

5. የማይቀሩ ዕቃዎች

የሚሠራ ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ለክሪኩ መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ጣውላ፣ አካፋ፣ ጠንካራ መጎተቻ ገመድ፣ የመጠጥ ውሃ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ የእጅ ባትሪ። ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቀድማችሁ አውርዱ፤ ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ገመዱን ሻንሲው ላይ ካለው መንጠቆ ጋር እሰሩ፤ ፓራውልቲ ላይ በጭራሽ። ስትጎትቱ ሰው ሁሉ ከገመዱ ራቅ ይበል፤ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

6. ጭቃና ውሃ

ጎማው ባዶውን ከዞረ ነዳጅ አትጨምሩ፤ ይበልጥ ይቀብራችኋል። ውረዱ፣ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ዝቁ፣ ድንጋይ ወይም እንጨት አንጥፉ፣ ንፋስ ቀንሱ፣ በቀስታ ውጡ። ወንዝ ካጋጠማችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ውሃው ከጎማው ግማሽ ካለፈ ወይም ከደፈረሰና ከፈጠነ ተመለሱ። በሐምሌና ነሐሴ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ድንገት ሊሞላ ይችላል።

7. መንገዱ የሰው ነው

ሮብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን ይናገራል። በገበያ ቀን መንገዱ የሚያድረው ለአህያ፣ ለበግና ለሸክም ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ ጡሩንባ አታብዙ። ጭቃ ለመሸሽ ብላችሁ ማሳ ውስጥ አትግቡ። እርጥብ ዋልካ ላይ ጎማ የሄደበት ቦይ ውሃ ይሰበስባል፤ የተዘራው ጤፍ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው። መኪናችሁ ሲቀበር የምትጠሩትም እኮ ያንኑ ገበሬ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው አካባቢ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱም ለቤተሰብ ንገሩ። «ይቅርባችሁ» ከተባላችሁ ይቅር፤ ጮቄም ዓባይም የትም አይሄዱም።

መኪና ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ቀብድ ሳይከፍል ሼር አድርጉለት።